ቀንጥሰው ያብዙት

በበረንዳችሁ ወይም በመስኮታችሁ ሥር በጣሳ አበባ የተከላችሁ ሁሉ የምታውቁት አንድ ችግር አለ። ተክሉ በመጀመሪያው ዓመት ያምራል፤ እየዋለ ሲያድር ግን ግንዱ ብቻ ይረዝማል፣ ከሥሩ ይራቆታል፣ ቅጠሉም ጫፉ ላይ ብቻ ይቀራል። ብዙዎቻችን ይህን ስናይ ውኃ እንጨምርለታለን እንጂ መቀስ ለማንሣት እጃችን አይደፍርም፤ ለምለም ነገር መቁረጥ ያሳዝናልና። ይሁን እንጂ ተክሉን የሚያበዛውም የሚያንዠረግገውም ይኸው መቁረጥ ነው።

ምክንያቱም በግንዱ ጫፍ ያለው ቀንበጥ አውክሲን የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫል። ይህም ወደ ታች እየወረደ በየአንጓው ያሉት የጎን ቀንበጦች እንዳያድጉ ያግዳቸዋል። ጫፉ ሲቀነጠስ እገዳው ይነሣና ከአንዱ ግንድ ሁለትና ሦስት ቅርንጫፍ ይወጣል። የተቀነጠሰውም ጫፍ ቢተከል ራሱን የቻለ ተክል ይሆናል።

ይህ ነገር ለእኛ ቤት ከጌጥ በላይ ነው። በ2010 ዓ.ም. እናቴ ብዙ ዘመን ከኖረችበት ግቢ ወጥታ ወደ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ስትገባ፣ ከዕቃዋ ሁሉ ይልቅ ያሳሰባት ለቡናዋ የምትቀጥፈው ጤና አዳም ነበር። ያረጀውን ተክል ነቅሎ መውሰድ ስለማይመች ስድስት ጫፍ ቆርጬ በጣሳ ተከልሁላት፤ አራቱ ያዙ። ከቁራጭ የበቀለ ተክል ከእናት ተክሉ አይለይምና፣ ዛሬም ሲኒዋ ውስጥ የሚገባው የዚያው የድሮ ግቢዋ ቅጠል ነው። ሦስት ጎረቤቶችም ከእርሷ ወስደው ተክለዋል። ሰው ከሰው ሳይተዋወቅ በሚወጣ በሚወርድበት ደረጃ ላይ፣ የመጀመሪያውን በር ያስከፈተው ይኸው ቅጠል ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ያላበበ ጤናማ ጫፍ መርጣችሁ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከአንጓው ሥር በስለታም ቢላዋ ቁረጡ። የታችኛውን ቅጠል አራግፋችሁ ከላይ ጥቂት አስቀሩ። ጄራኒየም ከሆነ ቁስሉ እንዲደርቅ ግማሽ ቀን በጥላ አቆዩት። ከዚያም አሸዋና አፈር እኩል ቀላቅላችሁ፣ ሥሩ በተበሳ ጣሳ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት አንጓ እስኪቀበር ትከሉት። አፈሩ ይርጠብ እንጂ አይጨቅይ። በተለይ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ቁራጩን ስለሚያበሰብሰው ከጣሪያ ሥር አኑሩት። ጄራኒየም በ3 ወይም በ4 ሳምንት ሥር ይሰዳል፤ የጥብስ ቅጠል እስከ 2 ወር ሊፈጅ ይችላል። በቀስታ ስትስቡት አልነቀል ካለ ይዟል ማለት ነው።

ጤና አዳም ስትቆርጡ ግን ተጠንቀቁ። ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ካገኘው ሊቃጠልና ውኃ ሊቋጥር ስለሚችል እጃችሁን ወዲያው በሳሙና ታጠቡ።

አዲሱ ተክል አንድ ስንዝር ሲሞላ ጫፉን በጥፍራችሁ ቀንጥሱ፤ የጎን ቅርንጫፎቹም ጣት ሲያህሉ እንደዚሁ አድርጉ። አበባው ጥቂት ሳምንት ይዘገያል፤ ሲመጣ ግን በየቅርንጫፉ ይመጣል። የጥብስ ቅጠልን ቅጠል እስካለበት ድረስ ብቻ ቁረጡ፤ የተራቆተው አሮጌ እንጨት እንደገና አያቆጠቁጥም።

እንግዲህ እህቶቼ፣ መቀሱን አትፍሩት። አንዱን ጫፍ ለራሳችሁ ትከሉ፤ ሌላውን ለጎረቤት ስጡ። የእናንተ የደረቀ ዕለት ከእርሷ ታገኛላችሁ።