ባሪያ የነበረው ፈረንጅ

አያቴ የሰከላ ሰው ነበሩ። ግሽ ዓባይን ሊያይ ስለመጣ ፈረንጅ ሲያወሩን ሁለት ነገር አይዘሉም፤ ከንጉሥ ጦር ጋር መምጣቱንና አስቀድሞ ባሪያ የነበረ መሆኑን። «ፈረንጅ እንዴት ባሪያ ይሆናል?» ስንላቸው «እኔ ምን አውቄ፣ አባቶቼ እንዲህ ነው ያሉኝ» ይሉናል።

ደብረ ማርቆስ ተማሪ ሳለሁ የሰማሁት ስለ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ብቻ ነበር። ብሩስ ግሽ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1770 ነው። ባሪያ ሆኖ ግን አያውቅም፤ ወደ ዓባይ ምንጭም የወረደው ከጥቂት ሰዎች ጋር ነው። የአያቴ ፈረንጅ ሌላ መሆን አለበት ብዬ ወደኋላ ፈለግሁ። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለ ስፔናዊ የኢየሱሳውያን ቄስ አገኘሁ።

ፓኤዝ በ1589 ከባልደረባው ከአንቶኒዮ ሞንሰራቴ ጋር ከጎዋ ወደ ኢትዮጵያ ተነሣ። የአርመን ነጋዴ ልብስ ለብሰዋል። በዚያ ዘመን ፖርቹጋሎች የእነሱን የይለፍ ወረቀት ያልያዘ የሙስሊም ነጋዴ መርከብ ይወርሱ ነበር፤ የዐረብ ጠረፍ ሰዎችም የፖርቹጋል ወገን እጃቸው ሲገባ አይለቁም። የእነ ፓኤዝ መርከብ በዶፋር ጠረፍ አካባቢ ተያዘች። በሐድራሞት በረሃ አቋርጠው ሰንዓ ለነበረው የቱርክ ፓሻ ተላልፈው ተሰጡ። ፓኤዝ ቡናን የቀመሰው በዚያ በምርኮ መንገድ ላይ ሲሆን፣ ስለ ቡና ቀድመው ከጻፉ አውሮፓውያን አንዱ ሆኗል። ኋላ ሞካ ወርዶ በሰንሰለት ታስሮ የጦር ጀልባ ቀዘፈ። በ1596 ቤዛ ተከፍሎለት ወጣ።

በ1603 ምጽዋ ሲገባ ዐረብኛውን በእስር ዓመታት ተምሮት ነበር። ሚያዝያ 21 ቀን 1618 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ከዐፄ ሱስንዮስና ከሠራዊታቸው ጋር ግሽ ላይ ቆመ። ሁለቱም የአያቴ ምልክቶች ገጠሙ።

ታዲያ ለምን ብሩስ ገነነ? የፓኤዝ የኢትዮጵያ ታሪክ በፖርቹጋልኛ ተጽፎ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ሙሉው ሳይታተም ቆየ። ብሩስ ግን በ1790 መጽሐፉን አሳትሞ፣ ፓኤዝ ምንጩን አላየም ብሎ ተከራከረ። የታተመው ያልታተመውን ረታ።

ከግሽ እስከ ደብረ ማርቆስ ባሉ ቤቶች ገና ብዙ ያልተጻፈ ወሬ አለ። ሽማግሌ ቤታችሁ ካለ፣ የሚያወሩት እንግዳ ቢመስላችሁም «ተረት ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ጻፉት፣ ከመጽሐፍም ጋር አስተያዩት።