የአባቴ 16

ለስድስት ዓመት ያህል አባቴን በየዓመቱ ለዓይን ምርመራ የማመላልሳቸው እኔ ነበርኩ። ወረቀቱ ላይ አንዴ 15፣ አንዴ 16 ይጻፋል። «የዓይን ግፊትዎ ጥሩ ነው» ይሏቸዋል፣ መርቀው ይወጣሉ። ከ10 እስከ 21 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ጤነኛ ነው ስለተባልን የምንጠይቀው ነገር አልነበረም። በኋላ ደረጃ ሲወርዱ እግራቸው ይስት ጀመር። አጠገባቸው የተቀመጠ ሲኒ ሳያዩት ደፉ። እርጅና ነው ብለን አለፍነው። ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል።

አምና ሌላ ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ሐኪሟ የሚያደነዝዝ ጠብታ አድርጋላቸው፣ «አባባ፣ ፊት ለፊት ይመልከቱልኝ» አለችና እስክሪብቶ የመሰለች ነገር ዓይናቸው ላይ ለቅጽበት አሳረፈች። የኮርኒያቸውን ውፍረት እየለካች ነበር፤ የዓይን ባንክ «ብሌናችሁን ለግሱ» ሲለን የሚጠይቀንን ያንኑ የዓይን መስኮት ማለት ነው። 478 ማይክሮን ወጣ። የብዙ ሰው 540 አካባቢ ነው። ቀጥላ የዓይን ነርቫቸውን አየች፣ ዝም አለች። ብዙ ጊዜ ከዓይን ግፊት መብዛት ጋር የሚመጣው፣ ነርቩን የሚጎዳው ግላኮማ ብዙ ርቀት ሄዷል።

16 ተብሎ ግላኮማ ከየት መጣ? ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳነብ፣ ሐኪሞችንም ስጠይቅ ከረምኩ።

ግፊት የሚለካው መሣሪያ ዓይን ውስጥ ገብቶ አይለካም። ጎማ ነፋስ እንዳለው በአውራ ጣታችን ተጭነን እንደምናውቀው፣ እሱም ከውጭ ተጭኖ ነው የሚገምተው። ጎማው ወፍራም ከሆነ ነፋሱ ቢያንስም ጣታችንን ይመልሳል፤ ስስ ከሆነ ቶሎ ይሰረጉዳል። ኮርኒያም እንዲሁ ነው። ስሱ ኮርኒያ ከእውነተኛው ያነሰ፣ ወፍራሙ ደግሞ የበለጠ ቁጥር ያስነብባል።

እስከ ዛሬ እንደ ዋና መለኪያ የሚታየውን መሣሪያ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሠራው በስዊዘርላንድ በርን ከተማ የነበረው ሐኪም ሃንስ ጎልድማን ነው። ብልሃቱ ያስደንቀኛል። መሣሪያው ኮርኒያውን ሲደፈጥጥ ሁለት ኃይሎች ይጋጠሙታል፤ እንባው ወደ ዓይኑ ይስበዋል፣ ኮርኒያው ደግሞ አልደፈጠጥም ብሎ ይገፋዋል። የሚደፈጠጠው ክብ ስፋት 3.06 ሚሊሜትር ሲሆን ሁለቱ ይጣፋሉ፤ የአንድ ግራም ጭነትም ልክ 10 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይሆናል። ግን ይህ የሚሠራው ኮርኒያው 520 ማይክሮን ገደማ ሲሆን ነው። ውፍረቱ በጣም ከተለየ ልኬቱ እንደሚዛባ ጎልድማንና ባልደረባው ሽሚት ያኔውኑ ጠቁመዋል፤ እንዲህ ያለ ዓይን ብርቅ ነው ብለው ገመቱ እንጂ። ብርቅ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የወጣው፣ ግፊታቸው ከፍ ያለ ነገር ግን ነርቫቸው ያልተጎዳ 1,636 ሰዎችን የተከታተለው የአሜሪካ ጥናት ነገሩን አደባባይ አወጣው። ኮርኒያቸው 555 ማይክሮንና ከዚያ በታች የሆነ ሰዎች ግላኮማ የመያዝ ዕድላቸው ከ588 በላይ ከሆነው ሦስት እጥፍ ያህል ነበር። በዚያ ጥናት የጥቁር አሜሪካውያኑ ኮርኒያ በአማካይ ከሌሎቹ ስስ ነበር።

«እንግዲያው የጎደለውን ደምረሽ ትክክለኛውን ቁጥር ንገሪኝ» አልኳት ሐኪሟን። እምቢ አለች፤ እውነቷን ነው። የተለያዩ ተመራማሪዎች የተለያየ ማስተካከያ አውጥተዋል፣ አንዱም ለእያንዳንዱ ሰው አስተማማኝ አይደለም። ውፍረት ብቻውን አይበቃማ! ውኃ ቋጥሮ ያበጠ ኮርኒያ ወፍራም ነው፤ ግን ስለሚለሰልስ ግፊቱን አሳንሶ ሊያስነብብ ይችላል። ጠባሳ ያለበት ወይም ወጣ ገባ የሆነ ደግሞ ልኬቱን ያዛባል፤ ትራኮማ ስንቱን ብሌን እንዳጠለሸ ለምናውቅ ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በዚያ ላይ ግፊታቸው በትክክል ተለክቶም ጤነኛ ሆኖ ሳለ ግላኮማ የሚይዛቸው ሰዎች አሉ። ስለዚህ ሐኪሟ የነገረችኝ ይህን ነው፦ «የአባባ ግፊት 16 ነው ብለሽ አትተኚ። ነርቩን እንይ፣ የእይታ ስፋቱን እንለካ፣ ግፊቱን ከዚህም ዝቅ እናድርገው።»

የጠፋው እይታ አይመለስም። የቀረውን ለማቆየት ማታ ማታ ጠብታቸውን እኔ አደርግላቸዋለሁ።

ይህን የጻፍኩት ለመውቀስ አይደለም። የዚያኔው ባለሙያ ግፊቱን እንደ ደንቡ ለክቶ ይሆናል፤ ግን ቁጥሩን አይቶ እዚያው ቆመ። እኛም አብረን ቆምን።

መነጽር ለመጣል ብላችሁ በሌዘር የታከማችሁ፣ አገር ቤትም ሁኑ ውጭ፣ ለሚመረምራችሁ ሁሉ ተናገሩ፤ ሕክምናው ኮርኒያውን ስለሚያሳሳ ከዚያ በኋላ ግፊታችሁ ዝቅ ብሎ ሊነበብ ይችላል። ከሕክምናው በፊት የነበረውን ልኬት ወረቀት አትጣሉ። አባት፣ እናት፣ ወንድም ወይም እህት ግላኮማ ያለበት ደግሞ ግፊቱን ብቻ ተለክቶ አይመለስ። «የኮርኒያዬ ውፍረት ስንት ነው? ነርቬስ ታይቷል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም አጽፋችሁ ያዙ።