ጾምና የእርግዝና የመጀመሪያ ወራት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ወደ ዲያቆን የሚመጣው ጥያቄ ሁሉ በጉባኤ መካከል እጅ ተነሥቶ የሚጠየቅ አይደለም። አንዳንዱ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሲበተን፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ፣ ነጠላ ወደ አፍ ተጠግቶ ይጠየቃል። «ዲያቆን፣ ጠዋት ጠዋት እያስመለሰኝ ተቸግሬያለሁ፤ እስከ ስንት ሰዓት ልጹም?» ጠያቂዋ ነፍሰ ጡር መሆኗን አትናገርም። «ጨጓራዬን ነው» ትላለች። እኛም ጨጓራ ነው ብለን እንሰማለን።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚያ «ጨጓራ» ነው። ለእህቶቻችን ብቻ አይደለም፤ ባሎችም፣ በመዝሙር ክፍል ከእነርሱ ጎን የምትቆሙ ወንድሞችም አንብቡት።

አስቀድሜ ስለ ሕመሙ ልናገር። ከ10 ነፍሰ ጡሮች 7 ያህሉ በመጀመሪያዎቹ ወራት ያቅለሸልሻቸዋል ወይም ያስመልሳቸዋል። «የጠዋት ሕመም» ቢባልም በቀትርም በሌሊትም ይመጣል። በአብዛኛው ከ6ኛው ሳምንት ገደማ ይጀምራል፣ በ9ኛው ሳምንት አካባቢ ይበረታል፣ ከ16ኛው እስከ 20ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይለቃል። ምክንያቱ ለብዙ ዘመን የተሰወረ ነበር። ሴቲቱ ስለ ተቅበጠበጠች፣ ባሏን ስለ ጠላች ወይም እርግዝናውን ስላልፈለገች ነው እስከ ማለት የደረሱ ሐኪሞችም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ግን ጂዲኤፍ 15 ወደሚባል ሆርሞን አመለከተ። ጽንሱና የእንግዴ ልጁ ይህን ሆርሞን ወደ እናቲቱ ደም ይልካሉ፤ ከእርግዝና በፊት ሰውነቷ ለሆርሞኑ እምብዛም ያልተለማመደ እናት ደግሞ ይበልጥ ትታመማለች። እንግዲህ የቅብጠት ነገር አይደለም። በሆድ ያለው ልጅ የሚልከው፣ በደም የሚሄድ ነገር ነው።

ከ100 እናቶች እስከ 3 የሚደርሱት ላይ ደግሞ ከልክ ያለፈ ማስመለስ ይመጣል። ውኃ እንኳ አይቀመጥላቸውም፤ ክብደታቸው ከመቶ 5 እጅ በላይ ይቀንሳል፤ ሰውነታቸው ይደርቃል። ይህ ሐኪም ቤት የሚያስተኛ ሕመም ነው፤ ችላ ከተባለ ደግሞ የቫይታሚን እጥረት አስከትሎ አእምሮን እስከ መጉዳት ይደርሳል።

በታላቅ እህቴ ላይ የደረሰው ይኸኛው ነበር። የምትኖረው ቀብሪ በያህ ነው፤ ባሏ በጅግጅጋና በቶጎ ውጫሌ መካከል የሚመላለስ ሹፌር በመሆኑ በሳምንት ሁለት ሌሊት ቢያድር ብዙ ነው። እናታችን ጎጃም ናት። በዚህ ከተማ ያለን ክርስቲያኖች አብዛኞቻችን ወላጆቻችን ወይም አያቶቻችን ከሌላ አገር የመጡ መሆናቸውን ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ የመጀመሪያ ልጇን የፀነሰች ሴት «እናቴ ትምጣልኝ» ስትል የሁለት ቀን መንገድ እየጠራች ነው። እህቴ አልጠራችም። እርግዝና ሳይገፋ አይነገርም የሚለውን ባህላችንን ይዛ ለባሏ ብቻ ነግራ ዝም አለች።

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ቀን ገባ። በዚያው ሳምንት መጨረሻ የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ረመዳንም ተጀመረ፤ ከተማው ሁሉ ጿሚ ሆነ። ሻይ ቤቱ ቀን ቀን ይዘጋል፤ ወደ ማታ የሳምቡሳው ሽታ ከየበሩ ይወጣል። እህቴ እስከ 9 ሰዓት ትጾማለች፤ ንጋት ላይ ባዶ ሆዷን ሐሞት ታስመልሳለች፤ 9 ሰዓት ሲሆን ሽንኩርት ለማቁላላት ትነሣና የዘይቱ ሽታ መልሶ ይጥላታል። ሁለት ሳምንት እንዲህ ኖረች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ዕጣኑ ሲጤስ መቆም ስላቃታት ወጥታ ከግንቡ ሥር ተቀመጠች። አንዲት እናት አይተዋት «የዛሬ ልጆች ቅዳሴ ማስጨረስ እንኳ አቃታችሁ» አሏት። እኒያ እናት ክፉ ሰው አይደሉም፤ ያዩትን ነው የተናገሩት። ያላዩት ግን ነበር።

ያየችው ጎረቤቷ ናት። ሶማሌ ናት፤ አምስት ወልዳለች። ጾመኛ ሆና ሳለች ለእህቴ በዝንጅብልና በሄል የፈላ ሻይ ይዛ መጣች። «አባዮ፣ አርግዘሻል» አለቻት፤ በሶማልኛ «እህቴ» ማለቷ ነው። በእነርሱ እምነት ነፍሰ ጡር ለራሷ ወይም ለልጇ ከፈራች ረመዳንን አፍጥራ በኋላ እንደምታካክስ ነገረቻትና «እናንተ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም?» ብላ ጠየቀቻት። እህቴ መልስ አልነበራትም። ሻዩንም አልጠጣችም፤ ገና 6 ሰዓት ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ ጎረቤቷ ደውላልኝ ሄድኩ። ጅግጅጋ አምጥተን ሐኪም ቤት ስናስገባት ከ54 ኪሎ ወደ 49 ወርዳ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ግሉኮስ ተሰጣት። ነቅታ የጠየቀችኝ ስለ ልጁ አልነበረም፤ «ጾሜ ፈረሰ?» አለችኝ።

እንግዲህ የጎረቤታችን ጥያቄ መልስ ይገባዋል። እኛ ዘንድ አለ ወይ? አለ።

ፍትሐ ነገሥታችን ስለ ጾም በሚናገርበት በ15ኛው አንቀጽ ዐቢይ ጾምንና ረቡዕ ዓርብን የማይጾመውን ሲገሥጽ፣ በሕመም ምክንያት ያልቻለውን ለይቶ ያስቀምጣል። ከዚህ የቀረበም አለ። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የእስክንድርያ 22ኛው ሊቀ ጳጳሳት የነበረው ጢሞቴዎስ፣ በሰሙነ ሕማማት የወለደች ሴት መጾምና ከወይን መከልከል አለባት ወይ ተብሎ ተጠይቆ ነበር። መልሱ በቀኖና ተመዝግቧል። ጾም የተሠራው ሥጋን ለማድከም ነው፤ ሥጋዋ አስቀድሞ ከደከመ የምትችለውንና የምትፈልገውን ትብላ፣ ትጠጣ የሚል ነው። ነገሩን ልብ በሉ። የተጠየቀው ስለ ተራ ሳምንት ሳይሆን ከሳምንታት ሁሉ ስለሚከብደው ነው፤ አባታችን ግን አላመነታም። ሐዋርያው ጳውሎስም ለደቀ መዝሙሩ ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱ ሕመም ውኃ ብቻ እንዳይጠጣ መክሮታል፤ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን አክብሩ፣ እርሱንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል።

ይህ ማለት ግን እያንዳንዷ ለራሷ ፈቃድ ትስጥ ማለት አይደለም፤ ዲያቆንም አይፈታም። እኔ ለእህቴ ያደረግሁት ለንስሐ አባቷ መደወል ብቻ ነው። እርሳቸውም መጥተው ከአልጋዋ አጠገብ ተቀመጡ፤ ጠዋት ተነሥታ እንድትበላ፣ የጾሙ ምግብ ከተቀመጠላት እርሱን፣ ካልተቀመጠላት ወተትም ቢሆን የተቀመጠላትን እንድትወስድ አዘዟት። ስታለቅስ «ልጄ፣ አሁን መብላትሽ መታዘዝሽ ነው» አሏት። በጾሙ ፈንታ ከመዝሙረ ዳዊት ጥቂት ምዕራፍ ተኝታም ቢሆን እንድታነብ ሰጧት። ለሌላዋ ሌላ ሊያዝዙ ይችሉ ይሆናል፤ ቀለል ያለ ሕመም ያላት እናት ሰዓቱን ብቻ አሳጥራ በጾም ምግብ ትዘልቅ ይሆናል። ስለዚህ ነው በበይነ መረብ ከተነበበ ቃል ይልቅ የንስሐ አባት የሚያስፈልገው።

ስለ ቅዱስ ቁርባንም የሚጠይቁኝ አሉ። የሚያስመልሳት እናት ለመቁረብ ስትፈልግ አስቀድማ ለካህኑ ሁኔታዋን ትንገር፤ 18 ሰዓት ስለ መጾሙም ሆነ ከተቀበለች በኋላ ሊያስመልሳት ስለ መቻሉ የሚወስነው እርሱ ነው። ሳትናገር መቅረቧም ደብቃ መቅረቧም መልካም አይደለም። ማስመለሱ ሲለቅ ትቆርባለች፤ ቤተ ክርስቲያን ከእርሷ አልራቀችም።

እስኪ ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስን በዚህ ዓይን ተመልከቱት። ርብቃ መንታ ፀንሳ በሆዷ ሲገፋፉ እንዲህስ ከሆነ ለምን እኖራለሁ እስከ ማለት ደርሳ ነበር፤ ወደ እግዚአብሔርም ልትጠይቅ ሄደች። አልተገሠጸችም፤ መልስ ተሰጣት። ኤልሳቤጥ አምስት ወር ራሷን ሰወረች፤ በስድስተኛው ወር ግን እመቤታችን ወደ ተራራማው አገር ፈጥና ሄዳ ሦስት ወር ያህል አብራት ተቀመጠች። አበው ሄደች ማለታቸው ልታገለግላት ነው። ያረጀች ነፍሰ ጡር ውኃ ማን ቀዳላት፣ እንጀራ ማን ጋገረላት ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? በቀብሪ በያህም ውኃ በጀሪካን ነው።

ከሐኪሞቹ የሰማሁትን ለቤታችሁ እንዲጠቅም ልጻፈው። ከአልጋ ሳይነሡ ደረቅ ነገር መቅመስ ይረዳል፤ ዳቦ ቆሎ፣ ደረቅ ዳቦ ወይም ገብስ ቆሎ ከራስጌ ይቀመጥ። ባዶ ሆድ ማቅለሽለሹን ያብሳል፤ ስለዚህ በየሁለት ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት መብላት ነው። ውኃውን ከምግብ ጋር ሳይሆን በመካከል በመካከል መጎንጨት። ዝንጅብል በጥናትም የተመሰከረለት ነው፤ የጎረቤታችን ሻይ ትክክል ነበር። የብረት ክኒን የሚያስመልሳት ራሷ አታቋርጠው፤ ሰዓቱንና ዓይነቱን እንዲቀይሩላት ትንገር። ሽንኩርቱን ሌላ ሰው ያቁላላው፤ ወንድሞቼ፣ ሽሮ መሥራት ከቅኔ አይከብድም።

ጤና አዳም ግን ለነፍሰ ጡር አይሰጥ፤ ማኅፀንን የሚያነቃቃ ነው። ከድንበር ማዶ በየሱቁ የሚመጣውን ክኒንም «ለማስመለስ ጥሩ ነው» ተብሎ አትዋጡ። እ.ኤ.አ. በ1957 ጀርመን አገር ለሽያጭ የቀረበው ታሊዶማይድ ለእርጉዝ ማቅለሽለሽ ይሰጥ ነበር፤ በ1961 እስኪታገድ ድረስ ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ጎድሎ ተወልደዋል። ደኅንነቱ የታወቀ መድኃኒት አለ፤ ሐኪም ያዝዘዋል፤ መጀመሪያ የሚሞከረውም ቫይታሚን ቢ6 ነው። ጸበልም በእምነት ይጠጣል፤ ነገር ግን በማስመለስ የደከመች እናት ሆዷን ለማጽዳት ብላ በጀሪካን አትጠጣ።

ውኃ አንድ ቀን ሙሉ ካልተቀመጠ፣ ሽንት ከጠቆረ ወይም ስምንት ሰዓት ሙሉ ካልመጣ፣ ስትቆም ከዞረባት፣ ደም ከታየ ወይም ትኩሳት ካለ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ። በመንግሥት ጤና ተቋም የእናቶች አገልግሎት በነፃ ነው። ቅድመ ወሊድ ክትትልም ከ12ኛው ሳምንት በፊት ይጀመር።

በዓመት ውስጥ ከ180 የሚበልጡ የጾም ቀናት አሉን። ስለዚህ በመጀመሪያ ወሯ ጾም የማያገኛት እናት ጥቂት ናት፤ በዐቢይ ጾም ያልደረሰባት በፍልሰታ ወይም በነቢያት ይደርስባታል። ጾሙ ከገባ በኋላ ሳይሆን ከመግባቱ በፊት ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ ለመናገር ማፈር የለም፤ ካህን ምሥጢር ይጠብቃል። በቶጎ ውጫሌ፣ በሐርትሼክና በአውበሬ ያላችሁ፣ ካህን በቅርብ የማታገኙ በስልክ ጠይቁ፤ የንስሐ አባት የሌላችሁ ደግሞ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ብትነግሩ እናገናኛችኋለን። ምክንያቱን መናገር አያስፈልግም፤ «ጨጓራዬን ነው» ብትሉም እንረዳለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር።