የብዕር ስምና የሥራ አደራ

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2009 የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት አንድ ጦማሪ ስሙ በጋዜጣ እንዳይወጣ ያቀረበውን የእግድ ጥያቄ ውድቅ አደረገ። ጦማሪው «ናይት ጃክ» በሚል የብዕር ስም የፖሊስን የዕለት ተዕለት ሥራ ሲጽፍ የቆየው የላንካሻየር መርማሪ ፖሊስ ሪቻርድ ሆርተን ነበር። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ጽሑፎቹ የኦርዌልን ሽልማት አግኝተዋል። ዳኛ ዴቪድ ኢዲ እንዳሉት መጦመር በባሕርዩ የአደባባይ ሥራ ነው፤ ስለዚህ ጸሐፊው ማንነቱ እንዲሰወርለት ሊጠብቅ አይችልም። ታይምስ ጋዜጣ ስሙን አወጣ፤ ሆርተን ከመሥሪያ ቤቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው፤ ጦማሩም ተዘጋ።

በ2012 የሌቨሰን አጣሪ ኮሚሽን ሥራ ላይ ሳለ የጋዜጣው ዘጋቢ አስቀድሞ የጦማሪውን ኢሜይል ያለ ፈቃድ ከፍቶ እንደነበር ተገለጠ። ፍርድ ቤቱ የሰማው ግን ስሙ የተገኘው በይፋ ከሚታዩ መረጃዎች እንደሆነ ነበር። ጋዜጣው 42,500 ፓውንድ ካሳ ከፈለ።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የጸሐፊና የጋዜጣ ሙግት ሆኖ ይነገራል። ሆኖም ሦስተኛ ወገን አለ፤ በጽሑፎቹ ውስጥ የገቡት ተበዳዮች፣ ተከሳሾችና ምስክሮች። ጋዜጣው ከተከራከረባቸው ነጥቦች አንዱ በጦማሩ የተተረኩት ጉዳዮች ከእውነተኛ የክስ መዝገቦች ጋር ሊገናኙ ይችላሉ የሚል ነበር። ጋዜጣው የሄደበት መንገድ ቢያሳፍርም ይህ ነጥብ ክብደቱን አያጣም። የጽሑፉ ጥቅም የጸሐፊውና የአንባቢው ሲሆን፣ ጉዳቱ ግን ሳይጠየቅ ታሪኩ በተጻፈበት ሰው ላይ ይወድቃል።

እዚህ ላይ አንድ የማይመች እውነት አለ። የብዕር ስሙ የባለጉዳዩም መሸሸጊያ ነው፤ የጸሐፊው ስም፣ መሥሪያ ቤትና ከተማ ሲታወቁ ባለጉዳዩን ማግኘት ይቀላል። የብሪታንያ ጠቅላላ የሕክምና ምክር ቤት በ2013 ባወጣው መመሪያ በማኅበራዊ ሚዲያ ሐኪምነቱን ገልጦ የሚጽፍ ሰው ስሙንም እንዲጠቅስ መክሯል። ምክሩ ለተጠያቂነት ይበጃል፤ የታካሚን ምስጢር ግን ብቻውን አይጠብቅም።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ጉዳዩ ሌላም ገጽታ አለው። የዞን ዘጠኝ ጦማሪያን በገዛ ስማቸው ጽፈው በሚያዝያ 2014 ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ታሰሩ፤ ከእስር መውጣት የጀመሩት ከአንድ ዓመት በላይ ቆይተው ነው። ሕግ ጸሐፊውን በማይጠብቅበት አገር «ስምህን ጻፍ» ማለት ብዙ ጊዜ «ዝም በል» ከማለት አይለይም። ስም መደበቅን ሁሉ ፈሪነት ማለት ስለዚህ ስህተት ነው።

በለንደን ባለው የሐበሻ ማኅበረሰብ ግን ስም መቀየር ብቻ አይበቃም። ስለ አንድ የጥገኝነት ጉዳይ በአማርኛ የሚጽፍ አስተርጓሚ የባለጉዳዩን የትውልድ ቀበሌ፣ የመጣበትን ዓመትና የሚሳለምበትን ቤተ ክርስቲያን ከጠቀሰ ሰውየው ታወቀ ማለት ነው። ስለ ሥራው የሚጽፍ ባለሙያ ከማተሙ በፊት ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው፤ ስሜ ነገ ቢታወቅ የማን ምስጢር አብሮ ይወጣል? መልሱ የአንድ የተወሰነ ሰው ከሆነ ዝርዝሩ ይቀየር፣ ጊዜ ይለፍበት፣ ወይም ከናካቴው ይቅር። የተገኘው ነገር ወንጀል ወይም አደጋ ከሆነ ደግሞ ለጥቆማ አቅራቢ ሠራተኞች ከለላ የሚሰጠው የ1998ቱ የብሪታንያ ሕግ አለና፣ ጉዳዩ መጀመሪያ በዚያ በኩል ይሂድ።