እናቴ በመሀረብ የቋጠረችው መድኃኒት



ለዐረፋ መካነ ሰላም ገባሁ። ማታ እናቴ በወይራ ከታጠነው ቅል እርጎ ቀዳችልኝ። ከዚያ መሀረቧን ፈታች፤ ስድስት የአሞክሳሲሊን ካፕሱል።

«ሳሉ ሲሻለኝ የተረፈውን አስቀመጥኩት፤ ለጎረቤት ልጅ ይሆናል። ማባከን ሐራም ነው ልጄ» አለችኝ።

ያለ ሐኪም ማዘዣ ከአዲስ አበባ ገዝቼ የላክሁላት እኔ ነኝ። ኢስራፍን የሸሸችው እናቴ አላጠፋችም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

የብዙው ሳል መንስኤ ቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ ደግሞ ቫይረስን አይነካም። ያለቦታው በተወሰደ ቁጥር በሰውነታችን ያሉት ደካማ ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፤ መድኃኒቱን የሚቋቋሙት ተርፈው ይራባሉ። በ2019 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው በእነዚህ ባክቴሪያዎች ምክንያት እንደሞተ ተገምቷል።

ተመራማሪዎች አዲስ መሣሪያ እየሠሩ ነው፦ አጫጭር ፔፕታይዶች። ፔፕታይድ እንደ ተስቢሕ ዶቃ የተያያዙ አሚኖ አሲዶች ነው። ዶቃዎቹን እየቀያየሩ፣ የሰውን ሕዋስ ሳይጎዳ የባክቴሪያን ሽፋን የሚበሳውን ይፈልጋሉ። ሱብሐነላህ! ናሙናው የተገኘው ከፍጥረት ነው። በ1987 ከእንቁራሪት ቆዳ የተገኘው ማጋይኒን 23 ዶቃ አለው። 34 ዶቃ ያለውን ናይሲንን የሚያመርቱት ደግሞ ወተት የሚያረጉ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ በብዙ አገር አይብ እንዳይበላሽ ይጨመራል። የእናቴን እርጎ የሚያረጉትም የእነዚሁ ዘመዶች ናቸው።

ታዲያ አዲስ መድኃኒት ከመጣ ምን ያሳስበናል? ኮሊስቲንም ከፔፕታይድ ወገን ነው፤ ሌላው ሁሉ ሲያቅት የሚሰጥ የመጨረሻ መድኃኒት። ለእርባታ እንስሳት በገፍ ሲሰጥ ቆይቶ፣ በ2015 ቻይና ውስጥ እሱን የሚያከሽፍ፣ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ የሚተላለፍ ዘረ መል መገኘቱ ይፋ ሆነ። አያያዛችን ካልተለወጠ አዲሱም እንደ አሮጌው ይሆናል።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት እንዳለው አስተምረውናል። የተገኘው መድኃኒት ግን በእጃችን ያለ አማና ነው። ትልቁ ኢስራፍ ስድስት ካፕሱል መጣል አይደለም፤ ነገ የጎረቤትን ልጅ የሚያድነውን መድኃኒት ዛሬ ከንቱ ማድረግ ነው።

ካፕሱሎቹን ለመድኃኒት ባለሙያ አስረከብኩ። እናቴ ስትታመም ከእንግዲህ የምልክላት መድኃኒት ሳይሆን የመታከሚያ ብር ነው። ሐኪም ያዘዘላትንም እንዳዘዘው እንድትጨርስ ደውዬ አስታውሳታለሁ።

ወንድሜ፣ እህቴ! ቤተሰብ ከክፍለ ሀገር «መድኃኒት ላክልኝ» ሲላችሁ ይህን አስታውሱ። አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።