የጀመሩትን ጨርሶ መሄድ

የከተማችን ስም ግምጃ ቤት ነው። ግምጃ ቤት ማለት ንብረት የሚከማችበት ቤት እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ለሰውም እንዲሁ የራሱ ግምጃ ቤት ያስፈልገዋል። ይህን ያስተማረኝ በቤታችን የተነሣ አንድ ክርክር ነውና እነሆ እተርክላችኋለሁ።

ታላቅ ወንድሜ የ12ኛ ክፍልን ፈተና የወሰደው ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጋር ነበር። ያን ጊዜ በአገሪቱ ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ስለ ነበሩ፥ የወንድሜ መውደቅ የብቻው ኀዘን አልነበረም። አባቴ ካሉን ሁለት ፈረሶች አንዱን ሸጠና ለቤት ኪራይና ለስንቅ ሰጥቶት የኤሌክትሪክ ሥራ ሊማር ወደ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሰደደው። ፈረስ በአዊ አገር ምን ያህል የክብር ነገር እንደ ሆነ ለእናንተ መንገር አያሻኝም።

ወንድሜ ሙያውን እየተማረ ሳለ ፈተናውን በግል ደግሞ ተፈተነና አለፈ። ውጤቱ የተሰማው የሌቭል 3 ሥልጠናውን ጨርሶ የብቃት ምዘናውን፥ ይኸውም ሲኦሲ የሚሉትን፥ ሲጠባበቅ ነበር። ሌቭል 4 ግን ገና ይቀረው ነበር።

አጎቴ፥ «ሌቭል 4ን ጨርስና ሥራ ያዝ። ዲግሪው አያመልጥህም። ከመምህራን ስንቶቹ በዲፕሎማ ጀምረው በየክረምቱ እየተማሩ ዲግሪ ይዘው የለምን?» አለው። እኔ ግን ዩኒቨርሲቲ የጠራው ሰው ስለ ሽቦና ስለ ማብሪያ ማጥፊያ ምን አስጨነቀው ብዬ ተከራከርሁ። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ እንደ ማንኛውም አዲስ ተማሪ ከመጀመሪያው ዓመት ይጀምራል፤ ኮሌጅ የተማረው አንድ ሴሚስተር እንኳ አይቀንስለትም። ስለዚህ ምዘናውንም ተወው ብዬ መከርሁት። ወንድሜም ልቡ ወደ እኔ አዘነበለ።

አባቴ ሁላችንንም በጸጥታ ካዳመጠ በኋላ እንዲህ አለ፦ «ልጄ፥ ዩኒቨርሲቲው አሁን ጠርቶሃልና ሂድ፤ ዓመት ቆይቼ እመጣለሁ ብትለው አይጠብቅህም። ነገር ግን ያጨድኸውን ሳትከምር ወደ ሌላ ማሳ አትሻገር። ያን ፈረስ የሸጥሁት ለዚህ ወረቀት ነው።»

ወንድሜ ምዘናውን ተፈትኖ የሌቭል 3 ምስክር ወረቀቱን ይዞ ሄደ። እኔ በልቤ አባቴ ስለ ፈረሱ ብቻ የሚያዝን መስሎኝ ነበር። በመጀመሪያው የዕረፍት ጊዜ ግን ወንድሜ መጥቶ አዲስ ለሚሠራ ቤት የመብራት መስመር ሊዘረጋ ሲጠይቅ፥ ባለቤቱ በመጀመሪያ የጠየቀው «ወረቀት አለህን?» ብሎ ነው። በዚያ ሥራ ባገኘው ገንዘብ የራሱን የመንገድ ወጪ ሸፍኖ ለእኔም ደብተር ገዛልኝ። በዚያ ደብተር ላይ ስጽፍ የሰጠሁት ምክር ትዝ እያለኝ አፍራለሁ።

ይህ ጥያቄ የእኛ ቤት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አገር በ1901 እ.ኤ.አ. በጆሊየት ከተማ እንደ ተከፈተው ባሉ የሁለት ዓመት ኮሌጆች የሚማሩትም የሁለት ዓመቱን ዲግሪ ጨርሰው ወደ ዩኒቨርሲቲ ይሻገሩ ወይስ ሳይጨርሱ ይሂዱ እያሉ ይከራከራሉ። በዚያ የተማሩት ትምህርት ብዙ ጊዜ በዩኒቨርሲቲው ይቆጠርላቸዋል። የማይቆጠርልን እኛማ ይልቁንም በእጃችን የገባውን ወረቀት ማረጋገጥ አይገባንምን?

እንግዲህ የእኔ አሳብ ይህ ነው። የሙያው ትምህርት በየደረጃው የራሱ ምስክር ወረቀት ስላለው፥ መንገዱን ሁሉ እስኪጨርሱ መጠበቅ ግድ አይደለም። ዕድል ሲመጣ መሄድ ይገባል። ነገር ግን በደረጃው መካከል ጥሎ መሄድ የሁለት ዓመት ድካምን በሜዳ መበተን ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው፥ እኔም የወንድሜን ወርቅ መዳብ ብዬው ነበር።

በዚህ ዓመት እኔም በተራዬ የ12ኛ ክፍልን ፈተና እፈተናለሁ። ባልፍ ደስታዬ ነው፤ ባላልፍም የቀረን አንድ ፈረስ ነውና፥ ሳይሸጥ የምማርበትን መንገድ ከወንድሜ ጋር መምከር ጀምረናል።