ቁጣውን የገራ ሊቅ

የሊቃውንት ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው የሠሩት ሥራ ነው። ምን እንዳገኙ፥ በምን ዘመን እንዳገኙት፥ ማን እንደ ሸለማቸው በዝርዝር ይነገረናል። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች በቤታቸው እንዴት እንደ ኖሩ፥ በተናቁ ጊዜ ምን እንደ መለሱ፥ ገንዘብና ማዕርግ ሲቀርብላቸው እጃቸውን እንደ ዘረጉ ወይም እንደ ሰበሰቡ ብዙ ጊዜ ሳይነገር ያልፋል። እኛ ግን ለብዙው ሰው ከዕውቀታቸው ይልቅ ጠባያቸው የሚጠቅም ይመስለናል። ወደ ዕውቀታቸው ከፍታ የሚደርስ ሰው ጥቂት ነው፤ ጠባይን መግራት ግን የሁሉም ሰው ዕዳ ነው። ስለዚህ ስለ እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ስለ ማይክል ፋራዴይ የግል ኑሮና ጠባይ ጥቂት ለመናገር አሰብን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ፋራዴይ ማን ነው ቢሉ፥ ማግኔት በተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር በ1831 ዓ.ም. ያሳየ ሰው ነው። ዛሬ በአገራችን ከቆቃ ጀምሮ እስከ ዓባይ ግድብ ድረስ ውሃ እየወረደ የሚያሽከረክራቸው የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች የሚሠሩት በዚሁ ሕግ ነው። እንግዲህ ማታ መብራት አብርቶ የሚያጠና ተማሪ ሁሉ፥ ስሙን ባያውቀውም እንኳ፥ የፋራዴይ ባለዕዳ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ሰው የተወለደው በ1791 ዓ.ም. በሎንዶን አጠገብ፥ ከቴምዝ ወንዝ በስተደቡብ ባለ መንደር ነው። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ እርሱም በሽተኛ ስለ ነበር ሥራውን እንደ ልቡ ሊሠራ አልቻለም። እህል በተወደደበት በ1801 ዓ.ም. ለልጁ ለማይክል ለሳምንት የሚደርሰው አንድ ዳቦ ብቻ ነበር ይባላል። ትምህርቱም ከማንበብ፥ ከመጻፍና ከጥቂት ሒሳብ አላለፈም። በአገራችን ብረት ቀጥቃጭ በሙያው ሲናቅ መኖሩን፥ ዳግማዊ አፄ ምኒልክም የእጅ ሥራ ዐዋቂ በሥራው እንዳይሰደብ በዐዋጅ እስከ መከልከል መድረሳቸውን እናስታውሳለን። በዚያን ዘመን በእንግሊዝ አገርም የቀጥቃጭ ልጅ ከጌቶች ጋር በአንድ ገበታ መቀመጡ ቀላል ነገር አልነበረም። የፋራዴይ ጠባይ የተፈተነውም በዚሁ በኩል ነው።

ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነው ሪቦ ለሚባል መጻሕፍት ሻጭና ጠራዥ ተላላኪ ሆኖ ጋዜጣ ማደል ጀመረ። በዓመቱ ጌታው ትጋቱን አይቶ ያለ ክፍያ የሰባት ዓመት የጥራዝ ሙያ ተማሪ አደረገው። ሌላው ጠራዥ የመጽሐፉን ጀርባና ቆዳ ሲያይ፥ ይህ ልጅ ግን ውስጡን ያይ ነበር። ለጥራዝ ከመጡት መጻሕፍት መካከል ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈውን እያነበበ፥ ከሚያገኛት ጥቂት ሳንቲም ቈጥቦ በገዛው ዕቃ ያነበበውን በእጁ ይሞክረው ነበር። ወደ ሳይንስ ሥራ ለመግባት ካለው ናፍቆት የተነሣ ለሮያል ሶሳይቲ፥ ማለት ለእንግሊዝ የሊቃውንት ማኅበር ፕሬዚዳንት፥ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። መልሱን ሊጠይቅ በሄደ ጊዜ የተነገረው፥ ደብዳቤው መልስ እንደሌለው ብቻ ነው።

በ1812 ዓ.ም. አንድ የመጽሐፍ ቤቱ ደንበኛ ሰር ሃምፍሪ ዴቪ በሮያል ኢንስቲቱሽን የሚሰጠውን ትምህርት እንዲሰማ የመግቢያ ወረቀት ሰጠው። ዴቪ በዘመኑ ስሙ የገነነ የኬሚስትሪ ሊቅ ነበር። ፋራዴይ አራት ትምህርቶች ሰምቶ የሰማውን ሁሉ በጥንቃቄ ጻፈ፤ ሥዕሉንም ሥሎ በገዛ እጁ ጠርዞ ለዴቪ ላከለት። ዴቪ በደግነት ተቀበለው፤ ነገር ግን ሳይንስ ለአገልጋዩ የምትከፍለው ጥቂት ስለ ሆነ በጥራዝ ሙያው ቢጸና እንደሚሻለው መከረው። ሆኖም በ1813 ዓ.ም. የቤተ ሙከራው ረዳት ስለ ተባረረ ቦታው ለፋራዴይ ተሰጠው። ደመወዙ በሳምንት 25 ሺሊንግ፥ መኖሪያውም ከሕንፃው ከላይኛው ፎቅ ሁለት ክፍል ነበር። በዚያ ቤት ከአርባ ዓመት በላይ ኖረበት።

የመጀመሪያው ፈተና የመጣው በዚያው ዓመት ነው። ዴቪ ከሚስቱ ጋር ወደ ፈረንሳይና ወደ ኢጣልያ ሲነሣ ፋራዴይን በረዳትነት ይዞት ሄደ። የዴቪ የግል አሽከር ግን ጉዞውን ፈርቶ ቀረ። ዴቪም ሌላ አሽከር ፓሪስ ላይ እስኪገኝ ድረስ ፋራዴይ የአሽከሩን ሥራ ደርቦ እንዲሠራ ለመነው። አሽከሩ ግን ሳይገኝ ቀረ፤ ለጥቂት ቀን የተባለው ሥራም እስከ ጉዞው መጨረሻ፥ እስከ 1815 ዓ.ም. ድረስ ቈየ። ከዴቪ ይልቅ የከበደችው ሚስቱ ነበረች፤ እመቤቲቱ ወጣቱን እንደ ሎሌ ታዝዘውና ታዋርደው ነበር። ፋራዴይ ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ መከራውን ሳይሸሽግ ገልጾአል፤ ጥሎ ለመመለስም አስቦ ነበር። ነገር ግን ጉዞው የሚሰጠውን ዕውቀት ከክብሩ ጋር መዝኖ ቈየ። በፓሪስና በፍሎሬንስ የዘመኑን ሊቃውንት አየ፤ በናፖሊ አጠገብ ያለውን የእሳተ ገሞራ ተራራ ወጣ፤ ለትምህርቱም ዩኒቨርሲቲ የሆነው ያ የውርደት ጉዞ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ከዚህ ይልቅ የመረረ ነው፤ የመጣው ከመምህሩ ነውና። ፋራዴይ በ1821 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ኃይል ሽቦን በማግኔት ዙሪያ እንዲዞር ሊያደርግ እንደሚችል በሙከራ አሳየ። ወዲያውም የሌላ ሊቅ፥ የዎላስተንን ሐሳብ ወስዶአል የሚል ሐሜት ተነሣ። ፋራዴይ ሐሜቱን በሐሜት አልመለሰም፤ ዎላስተንን ራሱን ፈልጎ ነገሩን ገለጠለት። በ1823 ዓ.ም. ወዳጆቹ የሮያል ሶሳይቲ አባል እንዲሆን ስሙን አቀረቡ። በዚያን ጊዜ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ዴቪ ነበር። ዴቪ የድሮ ረዳቱን ጠርቶ የቀረበውን የድጋፍ ወረቀት እንዲያነሣ አዘዘው። ፋራዴይ ወረቀቱን ያቀረበው እርሱ ስላይደለ ሊያነሣው እንደማይችል መለሰ። እንግዲያውስ ያቀረቡትን ሰዎች እንዲያነሡት ንገራቸው ቢለው፥ እንደማያነሡት ዐውቃለሁ አለው። እኔ በፕሬዚዳንትነቴ አነሣዋለሁ ባለ ጊዜም፥ ሰር ሃምፍሪ ለማኅበሩ ይጠቅማል ብለው ያሰቡትን እንደሚያደርጉ አልጠራጠርም ብሎ በትሕትና መለሰለት።

በጥር ወር 1824 ዓ.ም. ድምፅ ሲሰጥ ፋራዴይን የተቃወመው አንድ ድምፅ ብቻ ሆነ። ድምፁ በምሥጢር የተሰጠ ነበር። እኛን የሚያስደንቀን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ፋራዴይ በተሰፈረለት ቁና መልሶ አልሰፈረም። እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ድረስ ስለ ዴቪ ሲናገር የተቀበለውን ደግነት እንጂ የደረሰበትን በደል አያስቀድምም ነበር። ዴቪም ቢሆን ፈጽሞ ክፉ ሰው አልነበረም፤ በ1825 ዓ.ም. ፋራዴይ የቤተ ሙከራው ዳይሬክተር እንዲሆን ሐሳብ ያቀረበ እርሱ ራሱ ነው። ተማሪው ሲበልጠው ልቡ የማይፈተን መምህር ጥቂት ይመስለናል፤ ፈተናውን ድል የሚነሣ ግን በእውነት አባት ይባላል።

ይህን የሰማ አንባቢ ፋራዴይ ከተፈጥሮው ቁጣ የማያውቅ፥ ልቡ እንደ ውሃ የቀዘቀዘ ሰው ይመስለው ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በሥራ ብዙ ዘመን አብሮት የኖረው ሊቁ ቲንደል፥ ከፋራዴይ ገርነት በታች የእሳተ ገሞራ ትኵሳት እንደ ነበረ ጽፎአል። ቈጡና እሳታዊ ሰው ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ዘመን ራሱን በመግራት ያንን እሳት ወደ ሥራ ኃይል ለወጠው። እኛም የሰውዬው ምሥጢር ይህ ነው እንላለን። ትዕግሥቱ የድካም ትዕግሥት አልነበረም፤ እሳቱን ለማጥፋት ሳይሆን ለማዘዝ ተማረ።

እሳቱም አንዳንድ ጊዜ ይታይ ነበር። በ1835 ዓ.ም. መንግሥት ለፋራዴይ የዓመት ጡረታ ሊሰጠው አስቦ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሎርድ ሜልበርን አስጠራው። በንግግራቸው መካከል ሚኒስትሩ ለሊቃውንትና ለደራስያን ጡረታ መስጠት የማታለያ ነገር እንደ ሆነ በሚያዋርድ ቃል ተናገረ። ፋራዴይ ክርክር አላነሣም፤ ቤቱ ተመልሶ በዚያው ምሽት ስጦታውን እንደማይቀበል ጽፎ ላከ። አማላጅ ገብቶ ምን ቢደረግ እንደሚታረቅ በተጠየቀ ጊዜ፥ ሚኒስትሩ በጽሑፍ ይቅርታ ካልጠየቀ በቀር አይሆንም አለ። ሚኒስትሩም ጻፈ፤ ፋራዴይም በዓመት 300 ፓውንድ የሆነውን ጡረታ ተቀበለ። እመቤቲቱ ስታዋርደው የታገሠው ሰው ለሚኒስትሩ ያልታገሠው ስለ ምንድር ነው? በመጀመሪያው የተነካው የራሱ ክብር ነበር፤ በሁለተኛው የተነካው ግን የዕውቀት ክብር ነበር ብለን እናምናለን። ስለ ራስ መታገሥና ስለ ሙያ መቈጣት አብረው ሊኖሩ የሚችሉ ጠባዮች ናቸው።

በቤቱ ውስጥ ደግሞ ሌላ ሰው ነበር። በወጣትነቱ ፍቅርን የሚነቅፍ ግጥም በማስታወሻ ደብተሩ ጽፎ ነበር። በኋላ ግን የአንድ ብር አንጥረኛ ልጅ፥ ሣራ ባርናርድን ወደደ። ሣራም የግጥሙን ነገር ከወንድሟ ሰምታ ኖሮ ስለ ጠየቀችው፥ ሐሳቡን እንደ ለወጠ የሚገልጥ ሌላ ግጥም ጽፎ ይቅርታ ለመነ። በ1821 ዓ.ም. ያለ ግርግር ተጋቡ። ልጅ አልወለዱም፤ ነገር ግን የዘመድ ልጆች በቤታቸው ያድጉ ነበር። ሣራ ስለ ሳይንስ ብዙ አታውቅም ነበር፤ እርሱ ግን ትዳሩን ከሥራው ሁሉ አብልጦ የደስታው ምንጭ ነው ይለው ነበር። ሁለቱም ሳንዴማናውያን የሚባል የአንዲት ትንሽ የክርስቲያን ማኅበር አባሎች ነበሩ። በ1844 ዓ.ም. ማኅበርተኞቹ በመካከላቸው በተነሣ አለመስማማት ከሌሎች ጋር ለጥቂት ሳምንታት ለዩት። ስሙ በአውሮፓ ሁሉ የተጠራው ሊቅ ከእነዚያ ተራ ሰዎች ፊት ቀርቦ እስኪመልሱት ድረስ በኀዘን ታገሠ እንጂ ወደ ሌላ አልሄደም።

ስለ ገንዘብም ያለው አሳብ የተለየ ነበር። በ1830 ዓ.ም. ለፋብሪካዎችና ለነጋዴዎች ምርመራ በመሥራት ብቻ አንድ ሺሕ ፓውንድ ያህል አግኝቶ ነበር፤ ይህም በዚያን ጊዜ ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ሥራው ምርምሩን እየከፋፈለበት መሄዱን ባየ ጊዜ ተወው። በ1857 ዓ.ም. የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት እንዲሆን ተለመነ። ይህ ማኅበር፥ በወጣትነቱ ለደብዳቤው መልስ የነፈገው፥ በኋላም ደጁን ሊዘጋበት የነበረ ማኅበር ነው። ፋራዴይ እንደ ድል አልቈጠረውም፤ እስከ መጨረሻው ያለ ማዕርግ ማይክል ፋራዴይ ተብሎ መኖር እንደሚሻ ነግሮ እንቢ አለ። የምርምር ማስታወሻውን ግን ቀን በቀን በተራ ቍጥር ይጽፍ ነበር፤ ቍጥሩም እስከ 16041 ደርሶአል። ከ1840 ዓ.ም. አቅራቢያ ጀምሮ የማስታወስ ኃይሉ እየደከመ ስለ ሄደ ያ ደብተር ለእርሱ ሁለተኛ ልቡና ነበር።

እውነቱን ለመናገር፥ አንድ ነገር ይጐድለዋል። እንዲህ ያለ መልካም ሰው ሆኖ ሳለ በቤተ ሙከራው ቦታውን የሚወርስ ደቀ መዝሙር አላፈራም፤ የሚረዳው አንድ የቀድሞ የመድፈኛ ወታደር ብቻ ነበር። ምናልባት በልጅነቱ ያየው የመምህርና የተማሪ ነገር በልቡ ጠባሳ ትቶ ይሆን ብለን እናስባለን። ይሁን እንጂ ለአንድ ተማሪ ያልሰጠውን ለብዙዎች ሰጠ። በልደት በዓል ሰሞን ለሕፃናት የሚሰጠውን ትምህርት ዐሥራ ዘጠኝ ጊዜ እርሱ ራሱ ሰጥቶአል፤ አንዲት ሻማ በፊታቸው አብርቶ ስለ ነበልባልዋ ብቻ ስድስት ትምህርት ያስተምራቸው ነበር። የድሃ ልጅ በሰው ቸርነት መግቢያ አግኝቶ የሰማውን፥ ሲያድግ ለሕፃናት አካፈለ።

በ1858 ዓ.ም. ንግሥት ቪክቶሪያ መኖሪያ ቤት ሰጠችው፤ በዚያም በነሐሴ ወር 1867 ዓ.ም. ከጥናት ክፍሉ በወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ ዐረፈ። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ የተጻፈው ስሙና የተወለደበትና የሞተበት ቀን ብቻ ነው።

ስለ ፋራዴይ ያነበብነውን ሁሉ ስንመዝነው አንድ ነገር ጐልቶ ይታየናል። ብረት ቀጥቃጭ እሳቱን አያጠፋውም፤ በወናፍ እያዘዘው ብረቱን ያለዝብበታል እንጂ። ልጁም ከአባቱ የወረሰው ሙያ ይኸው ነው ብንል ስሕተት አይመስለንም። የተናቀ ተማሪ፥ በአለቃው የተገፋ ሹም፥ ተማሪው የበለጠው መምህር፥ እያንዳንዱ በልቡ እሳት አለ። ያ እሳት ቤቱን ያቃጥለው እንደ ሆነ ወይም ብረቱን ያለዝበው እንደ ሆነ የሚለየው ወናፉን የያዘው እጅ ነው።